የስንቅ አገልግል ዋጋው ስንት ነው?

  የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

በስደት ቤት ገንዘብ ሲያጥር መጀመሪያ የሚወጣው ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ወርቁ ይሄዳል፣ ቀጥሎ የብር መስቀሉ፣ ቀጥሎ ጥግ ላይ ተሰቅሎ የኖረው አሮጌ ዕቃ። ከዚህ አሮጌ ዕቃ መካከል ብዙ ጊዜ የሚጠየቅበት አገልግል ነው። «አያቴ የጦርነት ጊዜ ስንቅ ማመላለሻ ነው ይሉ ነበር፤ ስንት ያወጣል?» ይባላል። ገዢው አንዳንዴ እንደ ቆራሌው «ይሄ ያረጀ ሣር ነው» ብሎ በጥቂት ሺልንግ ይወስደዋል። አንዳንዴ ደግሞ ደላላው ትናንት የተሰፋውን አጭሶ «የዓድዋ ነው» እያለ ይሸጣል። ሁለቱም የሚያተርፉት እኛ ዕቃችንን ስለማናውቅ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ዕቃውን እንወቀው።

አገልግል በወስፌ የተሰፋ፣ ክዳን ያለው፣ ከውጭ ቆዳ የለበሰ የመንገድ ሞሰብ ነው። ሞሰብ ቤት ይቀመጣል፣ አገልግል ይጓዛል። ስንደዶና አክርማው እንጀራውን ይይዛል፤ ቆዳው ከዝናብ፣ ከአቧራና ከግጭት ይጠብቀዋል፤ ጠፍሩ ክዳኑን አጥብቆ ያስርና ለትከሻ ወይም ለበቅሎ ማንጠልጠያ ይሆናል። እህሉ በስልቻና በአቁማዳ፣ መጠጡ በቀንድና በቅል፣ የተዘጋጀው ምግብ በአገልግል ይሄዳል።

አሁን ዋናውን ነገር ልንገራችሁ። በድሮ ጊዜ ለኢትዮጵያ ጦር ተብሎ ለብቻው የሚሠራ አገልግል አልነበረም። ስንቅ የሚያቀርብ ራሱን የቻለ የጦር ክፍልም አልነበረም። ዘማቹ ስንቁን ከቤቱ ይዞ ይወጣል፤ ሚስቱ፣ እህቱ ወይም አገልጋዩ አብራው ትዘምታለች፤ ትፈጫለች፣ ትጋግራለች፣ ውኃ ትቀዳለች። በሶው፣ ጭኮው፣ ዳቦ ቆሎው፣ ድርቆሹና ቋንጣው የሚዘጋጀው በሴቶች እጅ ነበር። የጦሩ ግምጃ ቤት የየቤቱ ጓዳ ነበር ማለት ነው። ለዚህ ነው የጦር ሜዳ አገልግልና የሠርግ ቤት አገልግል በመልክ የማይለያዩት። ዕቃው አንድ ነው፤ የሚለየው የሄደበት መንገድ ነው።

ያ መንገድ ምን ያህል ከባድ እንደነበረ ለማየት ዓድዋን እንውሰድ። ዓፄ ምኒልክ በመስከረም 1888 ዓ.ም የክተት አዋጅ ሲያስነግሩ አገሩ ከክፉ ቀን ከወጣ ገና ጥቂት ዓመት ነበር። ከ1880 ዓ.ም ጀምሮ የከብት በሽታ በሬውን ፈጅቶት ነበር፤ በሽታው የገባው ጣሊያኖች በምፅዋ በኩል ካስመጧቸው ከብቶች ጋር ነው። በሬው ሲያልቅ እርሻው ቆመ፣ እርሻው ሲቆም ሕዝቡ ረገፈ። ከዚህ ሁሉ የተረፈው ሕዝብ ነው እንደገና ቆሎ ቆልቶ፣ በሶ ፈጭቶ ወደ መቶ ሺህ የሚገመት ጦር ይዞ የተነሣው።

ጥቅምት ላይ ከአዲስ አበባ የተነሣው ጦር ከዓድዋ ውጊያ የደረሰው የካቲት 23 ቀን ነው። አምባላጌ ላይ፣ ከዚያም መቀሌ ላይ ውጊያ ነበር። ይህን ያህል ሰው ወራት ሙሉ ሲበላ የየአካባቢው ገበሬ ጎተራም አብሮ ነው የተራቆተው። የካቲት አጋማሽ ላይ የምኒልክ ጦር ስንቁ እያለቀ ስለነበረ ከሰፈረበት ለመነሣት ተቃርቦ ነበር። ሳውርያ ላይ የመሸገው የጄኔራል ባራቲየሪ ጦርም ሁኔታው የተሻለ አልነበረም። ስንቁ ከምፅዋ ድረስ በተራራ መንገድ ነበር የሚመጣው፤ የአጋሜው ራስ ስብሐትና ሐጎስ ተፈሪ ከጣሊያን ከድተው መንገዱን መምታት ሲጀምሩ ደግሞ ይበልጥ ጠበበበት። ባራቲየሪ ጄኔራሎቹን ሰብስቦ ሲመክር የቀረው የጥቂት ቀን ምግብ ነበር። ወደ ኋላ ማፈግፈግ ወይም መግጠም ነበረበት፤ ከሮም ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ክሪስፒ ድል አምጣ እያለ ይጎተጉተዋል። ገጠመ፤ ውጤቱን ዓለም ያውቀዋል።

ስለ መድፉና ስለ ጎራዴው ብዙ ተጽፏል። ጦሩን እስከዚያ ቀን ያቆየችው አገልግል ተሸካሚ ግን ስሟ የትም አልተመዘገበም። የእኛ ጥያቄ ከዚህ ይጀምራል፤ እጃችን ላይ ያለው አገልግል ከእነዚያ አንዱ መሆኑን በምን እናውቃለን?

አንደኛ፣ ትውልድ ቁጠሩ። ዛሬ 75 ዓመት ገደማ የሆናቸው እናት «ከእናቴ ነው የወረስኩት» ካሉ፣ የእሳቸው እናት ወጣት የነበሩት በአምስቱ ዓመት የጣሊያን ወረራ፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም ነው። ዓድዋ ለመድረስ ሌላ ሁለት ትውልድ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። ስለዚህ በየቤቱ ያለው «የጦርነት አገልግል» አብዛኛው የአርበኞቹ ዘመን ወይም ከዚያ ወዲህ ቢሆን ነው የሚያስኬደው። ይህ አያሳንሰውም። በዚያን ጊዜ ጫካ ላለው አርበኛ ስንቅና መረጃ የሚያቀብሉት የውስጥ አርበኞች ነበሩ፤ ሸዋረገድ ገድሌ በዚህ ሥራቸው ተይዘው እስከ ጣሊያን አገር አዚናራ ደሴት ድረስ ተግዘዋል። ከዚያ ወዲህም በ1969 እና በ1970 ዓ.ም በሶማሊያ ጦርነት ጊዜ በየቀበሌው ስንቅ ሲዘጋጅ የነበረውን እናቶቻችን ያስታውሱታል።

ሁለተኛ፣ ክሩንና ቆዳውን እዩ። የድሮው ቆዳ በእጅ የተፋቀና የተለፋ ስለሆነ ውፍረቱ እኩል አይደለም፤ አንዳንድ ቦታ ፀጉር ይቀርበታል። የሚሰፋውም በጠፍር ወይም በጅማት ነው። የናይለን ክር፣ የመኪና ስፌት፣ እኩል የተቆረጠ የፋብሪካ ቆዳ ካያችሁ ወይ አዲስ ነው፣ ወይ በኋላ የታደሰ ነው። የታደሰ ከሆነ ማን መቼ እንዳደሰው ጠይቁ።

ሦስተኛ፣ ያረጀበትን ቦታ እዩ። በእውነት የተጓዘ ዕቃ እኩል አያረጅም። ጠፍሩ የሚያልፍበት ይሞረሞራል፣ ሰውነት የሚነካው ጎን ይለሰልሳል፣ መቀመጫው ይሳሳል። ከላይ እስከ ታች እኩል የጠቆረ አገልግል ካያችሁ ጭስ ላይ ተሰቅሎ የዋለ መሆኑን ጠርጥሩ።

አራተኛ፣ አትጠቡት። ውስጡ የቀረው ቅባት፣ ፍርፋሪና ሽታ ምስክር ነው። ቫዝሊን የተቀባ፣ በሳሙና የታጠበ፣ በቀለም የደመቀ አገልግል ምስክሩን አጥቷል።

አምስተኛ፣ የሌላ አገር ጦር ዕቃ እንዳይሆን አረጋግጡ። በወስፌ ያልተሰፋ፣ ከቀጭን እንጨት የተጎነጎነ ቅርጫት ከሆነ የአውሮፓ ሊሆን ይችላል። የእንግሊዝ ጦር ንብረት ብዙ ጊዜ የቀስት ራስ ምልክት ይታተምበታል። በፋሺስት ዘመን በነበረው የጣሊያን ዕቃ ላይ ደግሞ በሮማውያን ቁጥር የተጻፈ ዓመት ሊገኝ ይችላል፤ 14 ካለ ከጥቅምት 1928 እስከ ጥቅምት 1929 ዓ.ም ያለው ጊዜ ነው። ኬንያና ኡጋንዳ ያላችሁ ይህን ልብ በሉ፤ የጎረቤቶቻችን አያቶች በ11ኛው የምሥራቅ አፍሪካ ክፍለ ጦር ውስጥ ሆነው እስከ በርማ ዘምተዋል፤ እዚያ ጫካ ውስጥ ስንቃቸው ከአውሮፕላን ይጣልላቸው ነበር። የጦርነት ቅርጫት የእነሱም ታሪክ አለበት።

አሁን ወደ ዋጋው እንምጣ።

ታሪክ የሌለው አገልግል ዋጋው የስፌትና የቆዳ ሥራ ዋጋ ነው፤ ያማረና ያልተጎዳ ከሆነ ከፍ ይላል፣ የተቦጫጨቀ ከሆነ ዝቅ ይላል። ከዚያ በላይ የሚያደርሰው ማስረጃ ብቻ ነው። የማን ነበር? ማን ተሸከመው? ከየት ወዴት ሄደ? በማን እጅ አልፎ እዚህ ደረሰ? አብሮት የተነሣ ፎቶ፣ ደብዳቤ፣ የአርበኝነት ወረቀት አለ? አንድ የተቀዳደደ አገልግል ከእነዚህ መልሶች ጋር ሲሆን፣ መልስ ከሌለው ያማረ አገልግል ይበልጣል።

ለዚህ ምሳሌው መቅደላ ነው። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም የእንግሊዝ ጦር ዓፄ ቴዎድሮስን ድል አድርጎ የዘረፈውን በ15 ዝሆንና ወደ 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ጭኖ ደላንታ ሜዳ ላይ ለጨረታ አወጣው፤ ገንዘቡም ለወታደሮቹ ተከፋፈለ። የእኛን ዕቃ ዘራፊው ራሱ ነበር ዋጋ የቆረጠለት። ከ150 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2021፣ ከዚያ ዘረፋ የቀሩ የቀንድ ዋንጫዎች እንግሊዝ አገር ለጨረታ ቀረቡ። የኢትዮጵያ መንግሥት ተቃወመ፣ ዕቃዎቹ ከጨረታው ወጡ፤ ሼሄራዛድ ፋውንዴሽን ገዝቷቸው ከሌሎች ቅርሶች ጋር ለኢትዮጵያ ተመለሱ። የቀንድ ዋንጫ በየገጠሩ ቤት የነበረ ዕቃ ነው። እነዚያን ዋንጫዎች የመንግሥት ጉዳይ ያደረጋቸው ከየት እንደተወሰዱ መታወቁ ነው።

ሕጉንም እወቁ። በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስን ያለ ፈቃድ ከኢትዮጵያ ማውጣት ክልክል ነው። ስለዚህ አገር ቤት ያላችሁ ቤተሰቦች፣ «ስደት ላሉት ልከን ይሽጡት» ብላችሁ ለመንገደኛ ከመስጠታችሁ በፊት አስቡበት። ያለ ፈቃድ የወጣ ቅርስ ሻጩንም ተሸካሚውንም ችግር ላይ ይጥላል።

«ልጄ ተርቦ አልሸጥም ልል ነው?» የምትሉ ትኖራላችሁ። አልፈርድባችሁም። የልጅ ረሃብ ከዕቃ ይቀድማል፤ አገልግሉ ራሱ የተሰፋው ሰው እንዳይራብ ነው። የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው፦ ታሪኩን ሳትመዘግቡ አትሽጡት። ከላይ፣ ከታች፣ ከውስጥ ፎቶ አንሡት። አያት በሕይወት ካሉ በስልካችሁ ድምፃቸውን ቅረጹ፤ ስማቸውን፣ የእናታቸውን ስም፣ የመንደሩን ስም ያስቀምጡ። የማያውቁትን «አላውቅም» ይበሉ፤ ማንም ዓድዋን ለመጨመር አይገፋፋቸው። ከዚያ በኋላ ብትሸጡት እንኳ ሣሩና ቆዳው ይሄዳል እንጂ ታሪኩ ቤታችሁ ይቀራል። ለገዢውም የታሪኩን ቅጂ ስትሰጡት ዋጋው የእናንተ ሆኖ ይነሣል።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ይህን ገጽ የምታነቡ ወገኖች ከአንድ ወገን አይደላችሁም። ወንድሞቻችሁ እርስ በርስ በተዋጉበት ጦርነት ከተለያየ ምሽግ ጀርባ የመጣችሁ አላችሁ። በሁለቱም ምሽግ ጀርባ ግን ሌሊቱን ቆሎ ስትቆላ ያደረች እናት ነበረች። የእሷን አገልግል በየትኛው ሰንደቅ ሥር እንደዘመተ ብቻ አንመዝነው። ማን እንደሰፋው፣ ማን እንደተሸከመው፣ ማን ሳይመለስ እንደቀረ አብረን እንጻፈው።

ቤታችሁ አገልግል፣ ስልቻ፣ አቁማዳ ወይም ዋንጫ ካለ ዛሬ ማታ ለእናቶቻችሁ ደውሉና «ይሄ የማን ነበር?» በሏቸው። የሰማችሁትን ከታች በኮሜንት ጻፉልን። ሳትጠይቁ የምትቆዩ ከሆነ ግን የሚመልስላችሁ ሰው ላይኖር ይችላል።