የ1981 ዓ.ም. የኮምፒዩተር ትልና ትምህርቱ

ጥቅምት 23 ቀን 1981 ዓ.ም. በአሜሪካ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሮበርት ሞሪስ ራሱን በራሱ የሚያባዛ ፕሮግራም በኢንተርኔት ላይ ለቀቀ። ፕሮግራሙ ፋይል አላጠፋም፤ ነገር ግን በዩኒክስ የሚሠሩ የቫክስና የሰን ኮምፒዩተሮችን በቅጂዎቹ ብዛት እያጨናነቀ ከሥራ ውጪ አደረጋቸው።

ጥፋቱን ያባባሰው አንድ ቁጥር ነበር። ሁለት ቅጂዎች በአንድ ማሽን ሲገናኙ አንደኛው ሥራውን እንዲያቆም ታስቦ ነበር። ሆኖም ከሰባት አንዱ ለሌላው ሳይለቅ እንዲቀጥል በመታዘዙ ቅጂ በቅጂ ላይ ተደራረበ።

ባለሙያዎች ማሽኑን አጥፍተው ቢያስነሱትም ትሉ ከሌላ ማሽን ተመልሶ ይገባ ነበር። እፎይታ የተገኘው የበርክሌይና የሌሎች ተቋማት ባለሙያዎች የፕሮግራሙን አሠራር መርምረው የገባባቸውን ቀዳዳዎች ሲደፍኑ ነው። መግቢያው ሳይዘጋ ቅጂውን ብቻ እያሳደዱ ማጥፋት ከንቱ ድካም መሆኑን ያ ወቅት አስተምሯል።