ሸራ ያልተተከለበት ታንኳ

ከሚሴ ውኃ አላጣችም፤ ጀልባ ግን አላስፈለጋትም። ከደሴ ከፍታዎች የሚወርደው የቦርከና ወንዝ ከአጠገቧ ጨፋ ሲደርስ ተንጣሎ ረግረግ ይሆናል፤ በበጋ የኦሮሞ፣ የአፋርና የአማራ ከብት የሚሰማራው እዚያ ነው። ይህ ውኃ ግጦሽ ያበቅላል እንጂ መንገደኛ አያሻግርም። ታንኳ የፈለገ ሰው ደሴን አልፎ ሐይቅ፣ አለዚያም ጣና መድረስ አለበት። በሁለቱም ከደንገልና ከመሰል ተክሎች የታሰረ ታንኳ ለዘመናት ሲቀዘፍ ኖሯል፤ ሸራ ግን አልተተከለበትም። የደጋው ሰው ሸራን ስላላወቀ ነው የሚለው ማብራሪያ አያሳምንም፤ ከምጽዋ ጋር የነበረው ንግድ የቆየ ነው፣ ወደ ኢየሩሳሌም የተሻገሩ ተሳላሚዎችም ሳምቡክ የተባለው የባሕር ጀልባ ሸራውን ወጥሮ ሲሄድ አይተዋል። የጎደለው እውቀት ሳይሆን፣ ነፋሱን ለመመከት የሚተርፍ ሰው ነበር እላለሁ።

ይህን ለመረዳት የዘመኑን ትንሽ ካታማራን፣ ማለትም ባለ ሁለት ቀፎ የሸራ ጀልባ፣ ማየት ይጠቅማል። ሸራን ከጎን የሚገፋ ነፋስ ጀልባን ይገለብጣል። ትልቅ የመዝናኛ ጀልባ ይህን የሚቋቋመው ከሥሩ በተሸከመው ከባድ ብረት ነው፤ ቀላሏ ጀልባ ግን ከስፋቷ ሌላ ያላት የሰው ክብደት ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1938 እንግሊዛውያኑ ፒተር ስኮትና ጆን ዊንተር ከምሰሶው በወረደ ሽቦ ወገብን አንጠልጥሎ ከጀልባ ውጭ መቆምን በውድድር ላይ አሳይተው አሸነፉ፤ ዘዴው ብዙም ሳይቆይ ታገደ። ትራፒዝ የሚባለው ይህ ነው። ኋላ ግን ተፈቅዶ እንደ ሆቢ 16 ባሉ ካታማራኖች ላይ የተለመደ ሆነ። ሆቢ 16 ክብደቷ 145 ኪሎ ግራም ገደማ ነው፤ የሁለት ጎልማሶች ክብደት ከዚህ እምብዛም አያንስም። ለማጁ አስቀድሞ የሚማረው በእጁ መንጠልጠልን ትቶ ክብደቱን ለወገቡ መንጠቆ መስጠትን ነው፤ ቀጥሎ እግሩን ከጠርዙ አስደግፎ ጉልበቱን ይዘረጋል፤ ነፋሱ ሲላላ አጥፎ ይመለሳል። ገመድ ከመያዝ በቀር ሥራው ሚዛን መሆን ብቻ ነው።

የታንኳ ቀዛፊ የሚማረው የዚህን ተቃራኒ ነው። ዝቅ ብሎ መሃል ላይ ይቀመጥና የቀርከሃ መቅዘፊያውን በግራና በቀኝ ያፈራርቃል። ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር ማገዶ የጫነ ሰው ወደ ውጭ ቢንጠለጠል የሚቀዝፍለት የለም። ታንኳውም ለምሰሶ የታሰበ አይደለም፤ ደንገሉ ውኃ ስለሚጠጣ ከጉዞ በኋላ ወጥቶ ይደርቃል፣ ጥቂት ወራት አገልግሎም በአዲስ ይተካል። በጣና በዚህ ሙያ የታወቁት ወይጦዎች በርካሽ የሚታሰርና በቀላሉ የሚታደስ ዕቃ መሥራታቸው ከሥራው ጋር ይስማማል። በሐይቅ ደግሞ ርቀቱ ራሱ አጭር ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን በአባ ኢየሱስ ሞዐ የገነነው የእስጢፋኖስ ገዳም ዛሬ ከየብስ ይያያዛል እንጂ ቀድሞ ደሴት ነበር። ፉቱሕ አል ሐበሻ እንደሚተርከው፣ የኢማም አሕመድን ጦር እ.ኤ.አ. በ1531 ከዚህ ገዳም ያገደው ውኃው ነው፤ የቸገረውም መሻገሪያ እንጂ ፍጥነት አልነበረም።

ይህን ክርክር የሚፈትኑ ማስረጃዎች አሉ። በቲቲካካ ሐይቅ የሸንበቆ ጀልባ በሸራ ሲሄድ ኖሯል። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳልም ከጣና በተወሰደ ደንገል ያሠራትን፣ ራ የተባለችውን ጀልባ፣ እ.ኤ.አ. በ1969 ከሞሮኮ በሸራ አስነሣት፤ እርሷ ከግቧ ሳትደርስ ብትጎዳም፣ ራ ሁለት በቀጣዩ ዓመት በ57 ቀን ባርባዶስ ገብታለች። እንግዲህ ደንገል ሸራ ይሸከማል። ነገር ግን እነዚህ ጀልባዎች የጸኑት በወፍራም ነዶና በስፋታቸው ነው፤ ራ ብቻዋን 12 ቶን ገደማ ደንገል ፈጅታለች። አንድ ቀዛፊ ለማገዶ ጭነት ይህን ወጪ አያወጣም። የስሪላንካ ዓሣ አስጋሪዎችስ? እነርሱ ነፋስ ሲበረታ ከጀልባቸው ጎን በወጣው ግንድ ላይ ቆመው ሚዛን ይጠብቁ ነበር፤ ስለዚህ ዘዴው የስፖርተኛ ብቻ ነው ማለት አይቻልም። ግን እነርሱ በቡድን የሚወጡ ናቸው፤ ከመካከላቸው ለነፋሱ የሚመደብ ሰው ይገኛል።

ስለዚህ የሸራ አለመኖር የኋላ ቀርነት ምልክት ሆኖ መቆጠሩ ተገቢ አይደለም። የታንኳ ነጂ ጉልበቱን፣ ደንገሉንና ርቀቱን አስልቶ መቅዘፊያን መረጠ፤ ስሌቱም ትክክል ነበር። ነገ በሐይቅ ወይም በጣና የሸራ ስፖርት ቢጀመር የሚለወጠው ይህ ስሌት ነው፤ ጭነት የሌለበት፣ ወደ ውጭ ለመንጠልጠል ጊዜና እጅ የተረፈው ሰው ያን ጊዜ ይገኛልና።