ታንኳ ላይ ሞተር ይታሰራል?

ሰሞኑን አንድ የድሮ ተማሪዬ ደወለልኝ። ከጓደኛው ጋር ብር አዋጥተው ያገለገለ የጀልባ ሞተር ሊገዙ ነው። «ቲቸር፣ ባለ 15 ፈረስ ጉልበትና ባለ 40 አግኝተናል፤ የቱን እንግዛ?» አለኝ። የታሪክ መምህር ስለ ሞተር ምን አገባው ትሉ ይሆናል፤ እኔም መጀመሪያ ያልኩት ይህንኑ ነው። ቆይቼ ሳስበው ግን ጥያቄው የታሪክም ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ከታንኳ እንነሳ። ነገደ ወይጦዎች ከደንገል የሚሠሯት ታንኳ ሞተር የሚሰቀልበት ጠንካራ የኋላ ሳንቃ የላትም። ደንገሉ ውሃ ይጠጣል፤ ከሐይቁ ወጥቶ ካልደረቀ ይበሰብሳል። እንዲያም ሆኖ ሰውም ጭነትም ስታሻግር ኖራለች። መቀመጫው ዳንግላ የነበረው የእንግሊዝ ቆንስል ሻለቃ ሮበርት ቺዝማን በ1930ዎቹ መጀመሪያ የጣናን ደሴቶች የዞረው በታንኳ ነው፤ ጉዞውን በ1936 በመጽሐፍ አውጥቶታል። ልብ በሉ፣ ታንኳ የምትሄደው የቀዛፊው ክንድና የጣና ንፋስ እስከፈቀዱ ድረስ ብቻ ነው። ይህ ወሰን ለዓሣው ጥበቃ እንደነበር ያወቅነው በኋላ ነው።

ኦሌ ኤቭንሩድ የተባለ ኖርዌይ ተወልዶ አሜሪካ ያደገ ሰው፣ ጀልባ ኋላ ላይ የሚሰቀል ሞተር በ1909 ለገበያ አቀረበ። ጉልበቱ አንድ ተኩል ፈረስ ብቻ ነበር። (ለፍቅረኛው አይስክሬም ሊያመጣ ሲቀዝፍ አይስክሬሙ ስለቀለጠበት ነው ሞተሩን ያሰበው ይባላል። እውነት ይሁን አይሁን ደስ ይላል።)

እኛ ጋ ነገሩ የተለወጠው በ1986 ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንና ኡርክ ከምትባል የኔዘርላንድ የዓሣ አጥማጆች ከተማ የመጣ የበጎ አድራጎት ድርጅት ባስጀመሩት ፕሮጀክት የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ባሕር ዳር ገባ። ሐሳቡ መልካም ነበር። በ1987 39 ቶን የነበረው የንግድ ዓሣ በ1997 360 ቶን ደረሰ። ስንት ቤተሰብ እንጀራ በላበት!

ነጭ ዓሣ የምንለው ግን እንደ ቀረሶ አይደለም። ዘመዶቹ ብዙ ዝርያ ናቸው፤ አብዛኞቹም ከጣና በቀር የትም የሉም። በርካቶቹ ክረምት ላይ ሊራቡ ወደ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ይወጣሉ፤ ከመውጣታቸው በፊት ወንዙ አፍ ላይ ይከማቻሉ። በታንኳ እዚያ ብዙ መረብ ይዞ መድረስ ከባድ ነው። ሞተር ያለው ግን ይደርሳል። ማርቲን ደ ግራፍ የተባለ፣ እሱም የኔዘርላንድ ሰው፣ ከባልደረቦቹ ጋር በ2004 ባወጣው ጥናት ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ የእነዚህ ዓሦች ብዛት በክብደት 75 በመቶ፣ በቁጥር 80 በመቶ ወርዷል። ዋናው ምክንያትም ወንዝ አፍ ላይ የሚጣለው መረብ ነው ብለዋል። ሞተሩን ያመጣው አገር የጎደለውንም ዓሣ ቆጠረልን ማለት ነው።

ለልጁ ያልኩት ይህን ነው። 40ው ብዙ ቤንዚን ይጠጣል፤ የቤንዚን ሰልፉን ታውቁታላችሁ። ያንን ወጪ ለመመለስ ብዙ ዓሣ ባጭር ጊዜ ማግኘት አለብህ፤ ይህ ደግሞ የሚገኘው ነሐሴ ላይ ወንዝ አፍ ነው። ስለዚህ 15ቱ ይሻልሃል። ጣና ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ አየሩ ሳስቶ 15ቱ እዚህ 12 ቢሰጥህ ነው፤ ለትንሽ ጀልባ ይበቃል። ካርቡራቶሩ ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ከሆነ ቤንዚን ይበዛበታል፤ ካንዴላውን አስፈትተህ እይ፣ ጥቀርሻ ከለበሰ ይነግርሃል። ባሕር ላይ የሠራ ከሆነ ውስጡን ጨው በልቶት እንዳይሆን አስመርምር። ሲነሳ ከጎኑ ቀጭን ውሃ ካልፈሰሰ የማቀዝቀዣው ፓምፕ ችግር አለበት። እምቦጭ ውስጥ ደግሞ አትግባ፤ ፕሮፔለሩ ላይ ይጠመጠማል፣ የውሃ ማስገቢያውንም ይደፍነዋል።

ሁሉንም ዝም ብሎ ሰማኝና «ቲቸር፣ እኛ ወንዝ አፍ ባንሄድ ሌላው ይሄድ የለ?» አለኝ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ መልስ አጣሁ። ቅዳሜ ጠዋት 15ቱን ሐይቁ ላይ አስነስተው ሊያዩት ነው። እኔም አብሬያቸው እሄዳለሁ።