የምት ብዛትና የባትሪ ዕድሜ፤ የላፕቶፕ ፕሮሰሰሮች ታሪክ

ላፕቶፕ የሚገዛ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ፍጥነቱ ነው፤ ስለ ባትሪው የሚጠይቀው ግን መብራት የጠፋ ዕለት ነው። የሁለቱ ጥያቄዎች መለያየት የገዢው ጥፋት ብቻ አይደለም፤ ሠሪዎቹም ለዓመታት ለያይተዋቸው ኖረዋል።

የአሜሪካው ኢንቴል ኩባንያ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2000 ፔንቲየም 4ን ለገበያ ሲያቀርብ ዋና መመኪያው በጊጋኸርዝ የሚለካው የምቱ ብዛት ነበር። ምቱን ለማፍጠን ሲባል አንድ ትእዛዝ የሚያልፍባቸው ደረጃዎች በፔንቲየም 3 ከነበሩት 10 ወደ 20 ከፍ ተደረጉ። ከዚህም የተነሣ በእያንዳንዱ ምት የሚከናወነው ሥራ አነሰ። በሌላ በኩል ፕሮሰሰር የሚፈጀው ኃይል ከምቱ ብዛትና ከቮልቴጁ ካሬ ጋር ያድጋል፤ ምቱን ለማፍጠን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ቮልቴጅ መጨመር ያሻል። በመሆኑም ጥቂት ፍጥነት በብዙ ሙቀት ይገዛ ነበር።

ተቃራኒው መንገድ የተገኘው በዚያው ኩባንያ ውስጥ ነው። በእስራኤል አገር፣ በሃይፋ የሚገኙ መሐንዲሶች ከፔንቲየም 3 ተነሥተው ገና ከጥንስሱ ለባትሪ የታሰበ ፕሮሰሰር ነደፉ። ይህም በማርች 2003 ፔንቲየም ኤም ተብሎ ወጣ። ምቱ 1.6 ጊጋኸርዝ፣ የተመደበለት ኃይልም 24.5 ዋት የሆነው ይህ ፕሮሰሰር፣ 35 ዋት ከተመደበለት ባለ 2.4 ጊጋኸርዝ የላፕቶፕ ፔንቲየም 4 ጋር በብዙ ፈተናዎች ተስተካክሏል፤ አልፎም ተርፏል። ኢንቴል በ2004 ባለ 4 ጊጋኸርዝ ፔንቲየም 4 የማውጣት ዕቅዱን ሲሰርዝ፣ በ2006 የወጣው ኮር 2 የሃይፋውን ፈለግ ተከተለ።

ይሁን እንጂ ቁጠባን መነሻ ያደረገ ሌላ ንድፍ ቀደም ብሎ ተወልዶ ነበር። በእንግሊዝ አገር፣ በኬምብሪጅ፣ በኤከርን ኩባንያ ይሠሩ የነበሩት ሶፊ ዊልሰንና ስቲቭ ፈርበር የነደፉት የመጀመሪያው የአርም ፕሮሰሰር በኤፕሪል 1985 ሥራ ጀመረ። የነበሩት ትራንዚስተሮች 25,000 ያህል ብቻ ሲሆኑ፣ በርካሽ የፕላስቲክ መያዣ እንዲታሸግ ሙቀቱ አነስተኛ መሆን ነበረበት። ይህ ዘር በሞባይል ስልኮች ውስጥ ጎልምሶ፣ አፕል በኖቬምበር 2020 ኤም 1ን ባቀረበ ጊዜ ማራገቢያ በሌለው ላፕቶፕ ውስጥ ገባ።

ታዲያ ድሉ የአርም ትእዛዞች ድል ነውን? እንዲህ ብሎ መደምደም ያሳስታል። ኤም 1 በጊዜው እጅግ የረቀቀውን የ5 ናኖሜትር አሠራር አግኝቶ ነበር። ኢንቴልም በ2024 ሉናር ሌክ የተባለውን ፕሮሰሰር ሲያወጣ፣ የቀድሞውን የትእዛዝ ቋንቋ ሳይለቅ የባትሪን ዕድሜ በእጅጉ ማራዘም እንደሚቻል አሳይቷል። ልዩነቱን የሚያመጣው እንግዲህ ነዳፊው በመጀመሪያው ቀን የሚያነሣው ጥያቄ ነው።

እኛም ለመሥሪያ ቤታችን ስንገዛ ጥያቄያችንን እናርም። አንዳንድ ላፕቶፖች ከሶኬት ሲነቀሉ ፍጥነታቸውን ስለሚቀንሱ፣ መሣሪያውን ነቅለን የዘወትር ሥራችንን እናሠራው። ባትሪው እስኪያልቅ ድረስ ስንት ሥራ ፈጸመ? እውነተኛው ሚዛን ይኸው ነው።