ግላዊነት፦ የሆዳን ስም የማን ነው?

ሆዳን ከአምቡሊ ወንዝ ማዶ፣ ባልባላ ውስጥ የሚገኝ የጂቡቲ ከተማ ሰፈር ነው። ቃሉ በሶማልኛ «ባለጸጋ» ማለት ሲሆን ለሴት ልጅም ስም ይወጣል። የሶማሊ ግጥም የሚወድ ሰው ግን «ሆዳን» ሲባል ከሰፈሩ አስቀድሞ ትዝ የምትለው አንዲት የበርበራ ልጅ ናት። ኤልሚ ቦዳሪ የሚባል የዳቦ ቤት ሠራተኛ በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ይህችን ልጅ አይቶ ወደዳት። ለጥሎሽ የሚሆን ሀብት አልነበረውምና ያለውን ሰጠ፤ ስሟን እየጠራ ገጠመላት። ግጥሙ ከአፍ ወደ አፍ እየተላለፈ አገር አዳረሰ። በዚያ ዘመን ባህል የሴት ልጅን ስም አንሥቶ ፍቅርን በአደባባይ ማዜም ለቤተሰቧ ውርደት ነበር። እሷ ለሌላ ሰው ተዳረች፤ እሱ በ1941 (እ.ኤ.አ.) ሞተ። «ፍቅር ገደለው» ይባላል፤ እስከ ዛሬም የሚነሣው እንደ ፍቅር ሰማዕት ነው።

ይህ ታሪክ በተወራ ቁጥር የሚታዘነው ለኤልሚ ነው። እኔን የምታሳስበኝ ሆዳን ናት። ፍቅሩ የራሱ ሕይወት ነበረና ስለ ራሱ ሕይወት ቢገጥም ማን ይከለክለዋል? ስሙ ግን የእሷ ነው። ሌላ ሰው አግብታ የኖረችው፣ አገር ሁሉ ስሟን በሌላ ወንድ ግጥም እያዜመ ነው። በሚነገረው ታሪክ ውስጥ ፈቃዷን የጠየቀ አንድም ሰው የለም።

እንግሊዞች «ፕራይቬሲ»፣ ጂቡቲን ያስተዳደሩት ፈረንሳዮች ደግሞ «ቪ ፕሪቬ» የሚሉት ሐሳብ የሚነሣው ከእንዲህ ያለው ቋጠሮ ነው። በአማርኛ «ግላዊነት» ተብሏል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 «የግል ሕይወት» ከሚለው ጎን ይህንኑ ቃል አስቀምጦታል። ስለዚህ ለሕግ ሰው አዲስ አይደለም፤ አዲስ የሆነው ለገበያው፣ ለቤቱና ለደጀ ሰላሙ ነው።

ከጎረቤቶቹ ጋር መምታታቱ ነው ችግሩ። ምስጢር ሰው እንዳያውቀው የሚደበቅ ነገር ነው። የደመወዝ መጠን ምስጢር አይደለም፤ ቀጣሪም ሒሳብ ሠራተኛም የትዳር ጓደኛም ያውቀዋል፤ ጎረቤት ሲያውቀው ግን ቅር ያሰኛል። ያ ቅሬታ ከግላዊነት የሚመጣ ነው። ገመና ደግሞ ቤት ውስጥ ያለ ነገር ሆኖ ነውር ይጎትታል፤ «ገመና ከታች» የምንለው ጉድለታችንን የሚሸፍንልንን ሰው ነው። ነውር የሌለበት የግል ነገርስ? ጸሎት፣ የስልክ ቁጥር፣ የልጅ ፎቶግራፍ፣ የደም ዓይነት ገመና አይባሉም። ግለኝነት ፈጽሞ ሌላ ነው፤ ለራስ ብቻ ማሰብ ነው፤ ከግላዊነት ጋር የሚያቀላቅሉት ጸሐፊዎች አንባቢን እያሳሳቱ ነው። አለን ዌስቲን የተባለው አሜሪካዊ ምሁር በ1967 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው መጽሐፍ ለሐሳቡ የሰጠው ትርጉም እስከ ዛሬ ይሠራበታል። በእኛ አነጋገር ብናስቀምጠው፣ ስለ ራስ የሆነ ነገር ለማን፣ መቼና እስከ ምን ድረስ እንደሚገለጥ ራስ መወሰን መቻል ነው።

በዚህ ትርጉም ግላዊነት የግድግዳ ጉዳይ አይሆንም። ባልባላ በአመዛኙ የቆርቆሮና የጣውላ ቤት ነው። የአንዱ ሳል ለሌላው ይሰማል። በበጋው ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ሰው አልጋውን ወደ ግቢ፣ ወደ ደጅ ያወጣል። እንዲህ ባለ ሰፈር የግል ሕይወት የሚጠበቀው በጎረቤት ጨዋነት ነው፤ አይቶ እንዳላየ፣ ሰምቶ እንዳልሰማ በማለፍ። የቪላ ነዋሪ በግንብ የሚገዛውን ነገር የሆዳን ነዋሪ የሚያገኘው ከሰው ነው። ያ ሰው አንድ ቀን ያየውን በስልኩ ቀርጾ ቢያሰራጨው የሚከለክለው አጥር የለም።

ወደ ሥነ ጽሑፉ እንመለስ። የእኛም ቤት ኤልሚዎች አሉት። በዓሉ ግርማ በ1972 ዓ.ም. «ደራሲው» የተባለውን ልብ ወለድ ሲያሳትም፣ ሲራክ የተባለው ገጸ ባሕርይ ከደራሲ ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር ሕይወት የተቀዳ መሆኑን አንባቢ ወዲያው ለየው። ስብሐት ስለ ራሱ ለመናገር የማይሰስት ሰው ስለነበር ነገሩ እንደ ጨዋታ ታለፈ። በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ» ሲወጣ ግን ጨዋታው አበቃ። ደርግ በኤርትራ ባካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ጊዜ አስመራ የነበሩ ባለሥልጣናት ራሳቸውን በገጸ ባሕርያቱ ውስጥ አገኙ። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፣ ደራሲው ከሥራው ተባረረ፣ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ።

ሁለቱ መጻሕፍት አንድ ዓይነት ጥያቄ የሚያነሡ ይመስላሉ፤ አያነሡም። ባለሥልጣን በሥልጣኑ የሠራው የአደባባይ ሥራ ነው፤ በልብ ወለድም በጋዜጣም ቢገለጥ የግል ሕይወቴ ተደፈረ ሊል አይችልም። ጉልበተኛ ሲነካ ግላዊነትን ጋሻ አድርጎ ማንሣት በየአገሩ የተለመደ ነውና ቃሉን የምናለማምድ ሰዎች ከወዲሁ መጠንቀቅ አለብን። የከበደው ጥያቄ የሚቀርበው በምንም ሥልጣን ላይ ስላልነበሩት ነው፤ ስለ ፍቅረኛይቱ፣ ስለ ጎረቤቱ፣ ስለ እናት።

ጂቡቲ ተወልዶ ያደገው አብዱራህማን ዋቤሪ በ2019 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው ልብ ወለድ ይህን ድንበር በቅርብ ይነካል። ርእሱ «ስትራመድ ለምን ትጨፍራለህ?» እንደ ማለት ነው፤ ልጁ ስለ እግሩ ማነከስ የጠየቀችው አባት የጂቡቲ ልጅነቱን ይተርክላታል። ዋቤሪ በልጅነት ሕመም የተጎዳውን የገዛ እግሩን ገለጠ፤ ይህ ሙሉ መብቱ ነው። ግን ልጅነት ያለ እናትና ያለ አያት አይተረክም። የራሱን በር የከፈተ ደራሲ የእነሱንም መክፈቱ አይቀርም። ልብ ወለድ ብሎ መጥራቱ ስም ለመለወጥና ነገር ለማሸሽ ቦታ ይሰጠዋል። የእኛ አገር የግለ ታሪክ ጸሐፊዎች ይህን ቦታ ብዙ ጊዜ አይጠቀሙበትም። ከሠላሳ ዓመት ወዲህ የእስር ቤትና የትግል ትዝታ መጻሕፍት በብዛት ወጥተዋል፤ በብዙዎቹ ጸሐፊው ስለ ራሱ ቁጥብ፣ ስለ ጓዶቹ ለጋስ ነው። ግላዊነትን የተረዳ ጸሐፊ ተቃራኒውን ያደርግ ነበር።

የፈረንሳይ ሕግ ወደ ግላዊነት የመጣው በደራሲ በኩል መሆኑ ደስ ይለኛል። በ1867 (እ.ኤ.አ.) አሌክሳንደር ዱማ፣ «ሦስቱ ሙስከተሮች»ን የጻፈው፣ አዳ መንከን ከተባለች ተዋናይት ጋር ፎቶግራፍ ተነሣ። ፎቶ አንሺው ሥዕሉን እያባዛ ቸበቸበው። ዱማ ሲከስ፣ ፎቶ አንሺው «ሲነሣ ፈቅዷል» አለ። የፓሪስ ፍርድ ቤት ግን የፈቀደ ሰው ፈቃዱን መልሶ መውሰድ ይችላል፤ የግል ሕይወት እንደ ዕቃ ተሸጦ የሚያልቅ ነገር አይደለም በማለት ለዱማ ፈረደ። ሥነ ጽሑፍ፣ ሕግና ንግድ በአንድ ፎቶግራፍ ላይ ተገናኙ።

የፈረንሳይ የሕግ አስተሳሰብ ወደ እኛ የገባው በሬኔ ዳቪድ በኩል ነው። እኚህ ፈረንሳዊ ፕሮፌሰር ያረቀቁት የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የሰውን ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ መስቀልን፣ ማባዛትንና መሸጥን ይከለክላል። ቀጥሎ ግን ሰውየው የታወቀ ወይም ባለሥልጣን ሲሆን ልዩ ሁኔታ ያበጃል። በአንቀጽ 31 ደግሞ የምስጢር ደብዳቤ የደረሰው ሰው ያለ ጸሐፊው ፈቃድ ይዘቱን እንዳይገልጥ ያዛል። አንቀጹ የተጻፈው ደብዳቤ በፖስታ ሲመላለስ ነው። ዛሬ ከሆዳን ወደ ደሴ፣ ወደ ድሬዳዋ የሚላከው የድምፅ መልእክት ከዚያ ደብዳቤ በምን ይለያል? ሚስት ለባሏ የላከችው ለቅሶ በዘመድ ስልክ ሁሉ ሲዞር ማንም ሕግ የተጣሰ አይመስለውም። የጂቡቲ ሕገ መንግሥትም ከ1992 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ መኖሪያ ቤትንና የመልእክት ልውውጥን የማይደፈሩ ብሏቸዋል። ሕጉ ድሮም ነበረ፤ የጎደለው የሚጠራበት የቤት ቃል ነው።

እምነት ከሕግ በፊት ደርሶበታል። በኦርቶዶክስ ቤት የነፍስ አባት ሌላው የማያውቀውን ያውቃል፤ የሰማውን ግን ከራሱ ጋር ይቀብራል። በእስልምና ሰትር፣ ማለትም የራስንም የሰውንም ነውር መሸፈን፣ ትልቅ ቦታ አለው፤ «አላህ ይሰትረን» የሚለው ምርቃት ከዚያ ነው። የሰውን ነገር መሰለል የተከለከለ ነው፤ ሳያስፈቅዱ ቤት መግባትም እንዲሁ። ቁርኣን በኑር ምዕራፍ ከዚህም አልፎ፣ ቤት ውስጥ ያሉ አገልጋዮችና ልጆች ሳይቀሩ በሦስት ጊዜያት ሳያስፈቅዱ እንዳይገቡ ያዛል፦ ከንጋት ጸሎት በፊት፣ በቀትር ልብስ አውልቆ ሲታረፍ፣ ከማታው ጸሎት በኋላ። የቀትሩን ነገር ለማስረዳት ጂቡቲን የመሰለ አገር የለም፤ ከተማው ሁሉ ከሰዓት በኋላ በሩን ዘግቶ ይተኛል።

እዚህ ላይ ግን አንድ የሚታለፍ ሰው አለ። በጂቡቲ ቤቶች ብዙ ኢትዮጵያውያን ሴቶች በቤት ሠራተኝነት ይኖራሉ። የአሠሪዎቻቸውን መኝታ፣ ጠብ፣ በሽታና ዕዳ ያውቃሉ፤ እንዲጠብቁትም ይታመናሉ። ለራሷ የሚዘጋ በር ያላት ግን ስንቷ ናት? ሳሎን ወይም ማድ ቤት የምትተኛ፣ ሻንጣዋ የሚፈተሽ፣ ስልኳ የሚነበብ ሴት የሌላውን ግላዊነት ጠባቂ ሆና የራሷን አጥታለች። ስትገቡ አስፈቅዱ የሚለው ትእዛዝ ወደ እሷም በኩል እንደሚሠራ ቢሰበክ አንድ የጎደለ ነገር ይሞላል።

ንግዱን በአጭሩ ልለፈው፤ ለውጡ ገና እየሆነ ነው። የሰፈር ሱቅ የዱቤ ደብተር ድሮም የሰውን ኑሮ ይዞ ነበር፤ ማን ወተት እንደገዛ፣ ማን ወር ሙሉ እንዳልከፈለ። ደብተሩ ግን ከባንኮኒው አልፎ አይሄድም፤ ባለሱቁም የሚያፍርበት ጎረቤት ነው። አሁን የስልክ ገንዘብ መጥቷል፤ ጂቡቲ ውስጥ ዲ-መኒና ዋፊ፣ አገር ቤት ቴሌብር። ቴሌብር በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ከዳሽን ባንክ ጋር ሆኖ ያለ ማስያዣ ማበደር ሲጀምር፣ የተበዳሪውን አቅም የሚመዝነው በስልክ ገንዘብ አጠቃቀሙ ነበር። ቤትና መሬት የሌለው ሰው ብድር ማግኘቱ ትልቅ ነገር ነው፤ አልነቅፈውም። ግን ማስያዣው የዕለት ኑሮው ራሱ መሆኑ ይታወቅ። ቁጥሩ 1321/2016 የሆነው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ የወጣው ለዚህ ዓይነቱ ዘመን ነው፤ መረጃ ሰብሳቢው ለምን እንደሚሰበስብ እንዲገልጽና ከዓላማው ውጭ እንዳይጠቀምበት ያስገድዳል።

መረጃ በሰው ላይ ያለውን ኃይል ባልባላ ከአብዛኛው ሰፈር ይልቅ በደንብ ሊረዳው ይገባል። የፈረንሳይ አስተዳደር ከ1966ቱ (እ.ኤ.አ.) ረብሻ በኋላ ከተማዋን በሽቦ አጥር ሲያጥር፣ ባልባላ ያደገው ከአጥሩ ውጭ በቀሩ ሰዎች ነው። ወደ ከተማ ለመግባት ማንነትን በወረቀት ማስረዳት ግድ ነበር። ዛሬም ወረቀት የሌለው ስደተኛ ለቤት ኪራይ፣ ለሲም ካርድ፣ ለሐዋላ የሰው መታወቂያ ይዋሳል፤ ያዋሰው ሰው በስሙ ምን እንደሚደረግ አያውቅም።

እኔ የምለው ይህ ነው። ሕግና ንግድ ሲጻፍ ያለ ማመንታት «ግላዊነት» ይባል። በስብከትና በሥነ ጽሑፍ «ገመና»ን አንጣለው፤ ነገር ግን ነውር የሌለበትን ሁሉ ገመና እያልን ሰውን አናሸማቅ። ሆዳን፣ ባልባላና ፒኬ 12 ያላችሁ ወገኖች ደግሞ፣ የፓስፖርታችሁን ወይም የመታወቂያችሁን ቅጂ ለደላላም ሆነ ለአሠሪ ስትሰጡ ለምን ጉዳይና ለማን እንደሰጣችሁ፣ ቀኑንም ጭምር በቅጂው ላይ በእስክሪብቶ ጽፋችሁ ስጡ።