ግድግዳ ላይ የሚወጣ ሐረግ፡ ከመንቀል በፊት መለየት

ግድግዳ ለብሶ የወጣ ሐረግ ሲታይ ብዙውን ጊዜ ሁለት ዓይነት ፍርድ ይሰጣል። አንዱ «ቤቱን አሳመረው» ይላል፤ ሌላው «ሊያፈርሰው ነው» ብሎ ገጀራ ያነሣል። ሁለቱም ማስረጃ ሳይመረመር የተሰጡ ፍርዶች ናቸው። መመርመር ያለበት ደግሞ አበባው ሳይሆን ሐረጉ ግድግዳውን የያዘበት መንገድ ነው።

ቡገንቪላ ግድግዳ አይጨብጥም፤ በእሾሁ እየተንጠላጠለ በአጥርና በሽቦ ይደገፋል። ወይንና ፓሽን ፍሩት በቀጫጭን ጥምዝ ጅማቶቻቸው ያገኙትን ይጠመጠማሉ እንጂ ለስላሳ ግድግዳ አይወጡም። እነዚህን በየጊዜው መግረዝ ይበቃል።

ጥንቃቄ የሚያሻቸው አይቪና ተሳቢው ፊከስ ናቸው። ሁለቱም ከግንዳቸው በሚያወጧቸው ጥቃቅን ሥሮች ግድግዳ ላይ ይጣበቃሉ። የአይቪ ቅጠል በለጋነቱ ከሦስት እስከ አምስት ጫፍ አለው። ፊከሱ የዋርካና የሾላ ዘመድ በመሆኑ ሲቆረጥ ነጭ ወተት ያወጣል። በልጅነቱ ትንንሽ ቅጠሎቹ ግድግዳው ላይ ይለጠፋሉ፤ ሲጎለምስ ግን ወፍራም ቅርንጫፍና ትልልቅ ቅጠል ወደ ውጭ ይዘረጋል። የሁለቱም ፈሳሽ ቆዳ ስለሚያሳክክ ጓንት ያስፈልጋል።

ግድግዳ ያፈርሳሉ? የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ይፋ ባደረጉት ጥናት አይቪ ግድግዳን ከሙቀትና ከቅዝቃዜ መለዋወጥ እንደሚከላከል፣ ጉዳት የሚያደርሰውም ቀድሞ ስንጥቅ ባለበት እንደሆነ አመልክተዋል። ሆኖም ጥናቱ የተካሄደው በእንግሊዝ አሮጌ ግንቦች ላይ ነው። ልስኑ የተሰነጠቀ የጭቃ ቤት ሌላ ጉዳይ ነው፤ ሥሩ በስንጥቁ ይገባል፣ እርጥበቱም በቅጠሉ ጥላ ሥር ይቆያል። ልስኑን በጣት ማንኳኳት ይጠቅማል፤ ባዶ ድምፅ ከሰጠ ተላቋል ማለት ነው። ከሁሉ የከፋው ቆርቆሮ ሥር መግባቱና አሸንዳ መድፈኑ ነው፤ ይህም የሚታወቀው ክረምት ገብቶ ጣሪያው ሲያፈስ ነው።

ለማስወገድ የወሰነ ሰው ሕያው ሐረግ አይጎትት፤ ልስኑን ይዞ ይወርዳል። ግንዶቹን በሙሉ ከመሬት ከፍ ብሎ አንድ ስንዝር ያህል ቆርጦ ማውጣት፣ ቅጠሉ እስኪደርቅ ሳምንታት መታገሥ፣ ከዚያ ከላይ ጀምሮ በጥቂት በጥቂቱ ማላቀቅ ይገባል። ጉቶው ካልተቆፈረ እንደገና ያቆጠቁጣል። የኤሌክትሪክ ሽቦ የነካውን ግን ራስ አይነካም፤ የመብራት ኃይል ሠራተኛ ይጠራል።

ሐረጉ የጎረቤት ከሆነስ? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1225 ባለሀብት ጎረቤቱን እንዳያውክና እንዳይጎዳ ይከለክላል። ይህ ግን በሌሊት አጥር ዘሎ ሥሩ ላይ መርዝ ለማፍሰስ ፈቃድ አይደለም፤ እንዲያ ያደረገ ከሳሽ መሆኑ ቀርቶ ተከሳሽ ይሆናል። በቅድሚያ ባለቤቱን ማናገር፣ እምቢ ካለ የተጎዳውን ግድግዳ ፎቶ አንሥቶ ቀን የተጻፈበት ማስጠንቀቂያ መስጠትና ቅጂውን ማስቀረት ይሻላል።