ከዑድ የተወለደው ሉት፦ የአሮጌ ዕቃ ኢስናድ



አውሮፓውያን «ሉት» የሚሉት ባለ ጅማት መሣሪያ ስሙን ያገኘው «አል-ዑድ» ከሚለው የዐረብኛ ቃል ነው። ወደ አውሮፓ ከገባባቸው በሮች አንዷ አንደሉስ ነበረች። ዑለማዎች በሙዚቃ ላይ የተናገሩት ራሱን የቻለ ርእስ ስለሆነ እዚህ አንገባበትም፤ የምናየው ታሪኩን ነው።

አል-ኪንዲ በ9ኛው፣ አል-ፋራቢ በ10ኛው ክፍለ ዘመን ስለ ዑድ ጽፈዋል። ጽሑፋቸው ሲደርሰን የዘመናቸው ዑድ ግን አልደረሰንም። ልጁ ሉት የተሻለ ዕድል ገጥሞታል፤ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ከተሠሩት ጥቂቶቹ ዛሬም በሙዚየም አሉ።

ታዲያ አስመስሎ መሥራት ቀላል ነው? አይደለም። ጀርመናዊው ላውክስ ማለር በጣሊያን ቦሎኛ ሲሠራ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1552 ሞተ። ሉቶቹ እጅግ ተወዳጅ ስለነበሩ የኋላ ሰዎች አልጣሏቸውም። ብዙ ጅማት ያለው ሉት በተፈለገ ጊዜ የቀድሞውን አንገት አውጥተው ሰፊ አንገት ገጠሙላቸው። ሆዱ የማለር፣ አንገቱ የሌላ ሰው ሆነ። ይህን እንዳለ የሚገለብጥ ሰው ሁለት ዘመን ቀላቅሎ «የማለር ሥራ ነው» ይላል።

ስለዚህ ጠንቃቃ ሠሪ እንደ ሐዲስ ተማሪ እያንዳንዱን ክፍል «ከማን ደረሰን?» ብሎ ይጠይቃል። የእንጨቱን ውፍረት ይለካል፤ በራጅ ከፊት ሳንቃው ሥር ያሉትን ደጋፊዎች ያያል። በሳንቃው ላይ የሚታዩት የዛፉ የዕድገት መስመሮች ዛፉ ከመቼ በፊት እንዳልተቆረጠ ይነግሩታል። ብዙም ካልተነካ ሉት ጋርም ያስተያያል፤ ለምሳሌ በቪየና ሙዚየም የሚገኘው፣ ጌኦርግ ገርለ ከዝሆን ጥርስ የሠራው ሉት እንዲህ ያለ ምስክር ነው።

ትርፉስ? በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ብዙዎች ሉትን እንደ ጊታር ወፍራምና ከባድ አድርገው ይሠሩት ነበር። አሮጌዎቹ ሲለኩ ግን የእንጨታቸው ውፍረት ከአንድ እስከ ሁለት ሚሊ ሜትር ገደማ ሆኖ ተገኘ። በልኩ የተሠራው ቅጂም ቀላልና ድምፁ ጥርት ያለ ሆነ።

ሌላም ጥቅም አለ። አሮጌው ሉት ጅማት ተወጥሮበት ቢመታ ሳንቃው ሊሰነጠቅ ይችላል። «ወደ ጥንቱ እንመልሰው» ብለው ቢፈቱት ደግሞ የሁለተኛው ባለሙያ ታሪክ ይጠፋል። ታማኝ ቅጂ ሲኖር ግን ቅጂው ይሠራል፤ ምስክሩም እንደ ቆየ ይቆያል።

እኛም «ይህ የጥንት ነው» ሲባል ከመቀበላችን በፊት «የትኛው ክፍሉ? በማን እጅ አልፎ?» ብለን እንጠይቅ።

ወላሁ አዕለም።